ከቀይ ባሕር ተራሮች እስከ አጥቢያችን ድንበር፦ የአንድ የዱር ሽምብራ መዝገብ

(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ሽምብራ ለእናንተ መናገር «ለቀባሪ አረዱት» እንደሚባለው ነው። ነቢዩ ዳንኤልና ሦስቱ ደቂቅ በባቢሎን ከንጉሥ ማዕድ ይልቅ ጥራጥሬ መምረጣቸውን ስታስተምሩ የኖራችሁ እናንተ ናችሁ። በጾም ወራት ሽሮው፣ ቆሎውና የሽምብራ ዓሣው ከቤታችሁ አይታጣም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በመረሬ መሬት ላይ ተዘርቶ፣ አፈሩ በያዘው ርጥበት ብቻ የሚያፈራ መሆኑንም ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ሽምብራ አብዝታ የምታመርተው ኢትዮጵያ ናት።

ዛሬ የምናገረው ግን ማንም ዘርቶት ስለማያውቀው፣ ማንም አጭዶ ወደ ጎተራው ስላላስገባው ስለ ሽምብራ የዱር ዘመድ ነው። ይህ ተክል በሊቃውንት ዘንድ ሲሰር ኩኒያተም ተብሎ ይጠራል። የመጀመሪያው ቃል የሽምብራን ወገን ሁሉ የሚያመለክት ሲሆን፣ ሁለተኛው በላቲን ቋንቋ «የሽብልቅ ቅርጽ ያለው» ማለት ነው፤ ትንንሾቹ ቅጠሎች ከሥራቸው ጠበው ወደ ጫፋቸው ስለሚሰፉ ነው። በሽምብራ ወገን ወደ 45 የሚጠጉ ዝርያዎች ይቆጠራሉ። ከእነዚህ መካከል በኢትዮጵያ ምድር በዱር የሚበቅለው ይህ ብቻ ነው።

የዚህ ተክል አገሩ የት ነው? ከግብፅ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ብንጀምር፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በግብፅና በሱዳን መዋሰኛ አጠገብ ጀበል ኤልባ የሚባል ተራራ አለ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1,435 ሜትር ያህል ነው። ዙሪያው ደረቅ በረሃ ነው፤ ተራራው ግን ከባሕሩ የሚነሣውን ርጥብ ነፋስ አስቁሞ ወደ ጉምና ወደ ጠል ይለውጠዋል። በዚህ ምክንያት በቆላው አሸዋ ላይ የማይታይ ዕፅ በሸንተረሩ ላይ ይለመልማል። የግብፅ መንግሥትም አካባቢውን እ.ኤ.አ. በ1986 ጥብቅ ቦታ አድርጎታል። ግብፃዊው ሊቅ ሙሐመድ ካሳስ በሱዳን ስለሚገኘው ስለ ኤርኮዊት ተራራ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲጽፍ እንዲህ ያለውን ስፍራ የጉም ገነት ብሎ እስከ መጥራት ደርሷል፤ በበረሃ መካከል ከምንጭ ሳይሆን ከጉም የሚጠጣ የለምለም ስፍራ ማለቱ ነው።

የዱር ሽምብራችን በግብፅ የሚታወቀው ከዚሁ ከኤልባ አካባቢ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ በሱዳን የቀይ ባሕር ኮረብቶች፣ በኤርትራና በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋዎች፣ ባሕሩን ተሻግሮም በሳዑዲ ዓረቢያ ተራሮች ተመዝግቧል። የሽምብራ ፍሬ ክንፍ የለው፣ ነፋስ አይወስደው፤ ከተራራ ወደ ተራራ በረሃውን እንዴት ተሻገረ? ምድረ በዳው ከዛሬው ይልቅ ርጥብ በነበረበት በጥንቱ ዘመን ተራሮቹ በለምለም መሬት የተያያዙ ነበሩ ብሎ ማሰብ ይቻላል። ውኃው ሲሸሽ ተክሉ ወደ ከፍታው ሸሸ፤ እያንዳንዱ ተራራም እንደ ደሴት ሆኖ የየራሱን ዘር ይዞ ቀረ።

ይህን ሁሉ ያወቅነው ከየት ነው? አንድ ሰው እነዚህን ተራሮች በአንድ ዕድሜ ዞሮ አላያቸውም። ያወቅነው ሄርባሪየም ከሚባለው የደረቁ ዕፅዋት መዝገብ ቤት ነው። ይህ ሥርዓት በ16ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ፣ በፒሳ ከተማ ያስተምር በነበረው በሉካ ጊኒ ዘመን ተጀመረ። ተክሉ ከነሥሩ፣ ከነአበባውና ከነፍሬው በወረቀት መካከል ተጭኖ ይደርቃል፤ ከዚያም በወፍራም ወረቀት ላይ ተለጥፎ በግርጌው ማን፣ መቼ፣ የት፣ በምን ዓይነት መሬት እንዳገኘው ይጻፍበታል። ዛሬ በዓለም ባሉ መዝገብ ቤቶች ወደ 400 ሚሊዮን የሚጠጋ እንዲህ ያለ ናሙና ተቀምጧል። በአገራችንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ።

አባቶች፣ ይህ አሠራር ለእናንተ እንግዳ አይደለም። በየገዳማቱና በየአድባራቱ በሚገኙ የብራና ወንጌሎች ኅዳግ ላይ የርስትና የጉልት ውል ተጽፎ እናገኛለን። በማን ዘመነ መንግሥት፣ በየትኛው አለቃ ጊዜ፣ እነማን ምስክር ሆነው መሬቱ እንደ ተሰጠ ይናገራል። ምስክሮቹ ካለፉ ብዙ ዘመን ቢሆንም ቃላቸው በኅዳጉ ላይ አለ። በደረቀ ቅጠል ግርጌ ያለችው ትንሽ ጽሑፍም ሥራዋ ይኸው ነው። ጽሑፉ የጠፋበት ናሙና ምስክር እንደሌለው ውል ነው፤ ቅጠሉ ቢያምርም ከየት እንደ መጣ ስለማይታወቅ ዳኝነት አይሰጥበትም።

የእኛ የዱር ሽምብራ ወደ መዝገብ የገባበት ታሪክ ከአንድ ጀርመናዊ ጋር የተያያዘ ነው። ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1804 ተወለደ። አስቀድሞ በግብፅ፣ በደብረ ሲና በረሃና በዓረብ ምድር ዕፅዋት ሲሰበስብ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ወደ አገሩ ግን አልተመለሰም። በዐድዋ ተቀመጠ፤ ኢትዮጵያዊት አገባ፤ ከደጃዝማች ውቤ ጋር ተወዳጀ። በኋላም በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በመቅደላ ከቆዩት አውሮፓውያን አንዱ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1868 ተለቀቀ፤ በ1878 በዐድዋ ዐረፈ።

ሺምፐርን የላከው በጀርመን አገር በኤስሊንገን ከተማ የነበረ የተጓዦች ማኅበር ነው። ማኅበሩን የሚመሩት ሐኪሙ ሽቶይደልና ሰባኪው ሆክስተተር ነበሩ። አባላቱ መዋጮ ይከፍላሉ፤ በምትኩ ከሚላከው የደረቀ ዕፅ ድርሻቸውን ይቀበላሉ። ስለዚህ ሺምፐር ከአንድ ቦታ አንድ ናሙና ብቻ ሳይሆን ብዙ ይሰበስብ ነበር፤ አንዱ ቁጥር ለብዙ ከተሞች ይከፋፈላል። ለዱር ሽምብራው ኩኒያተም የሚለውን ስም ያወጣለት ሆክስተተር ነው። ስሙን ከነመግለጫው በመጽሐፍ ያሳተመው ግን ፈረንሳዊው አሺል ሪቻርድ ሲሆን፣ የአቢሲንያን ዕፅዋት የሚመለከተው ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1847 ጀምሮ ወጥቷል። ለዚያ መጽሐፍ ዕፅ ይሰበስቡ የነበሩት ካርቲን ዲዮንና ፕቲ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች ከጉዞው አልተመለሱም፤ ሁለቱም በመንገድ ሞቱ። የደረቀችው ቅጠል የሰው ሕይወት የተከፈለባት መሆኗን ማወቅ ተገቢ ነው።

ያ ለብዙ ከተሞች የማከፋፈል ልማድ ጥቅሙ የታየው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1943 በበርሊን ላይ በወረደ የቦምብ እሳት ታላቁ የበርሊን ሄርባሪየም ተቃጠለ፤ አብዛኛው ሀብቱ በአንዲት ሌሊት ዐመድ ሆነ። ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ናሙናዎችም አብረው ጠፉ። ነገር ግን የዚያው ስብስብ ድርሻ በፓሪስ፣ በለንደን አጠገብ በኪውና በሌሎች ከተሞች ተቀምጦ ስለነበር ምስክርነቱ ፈጽሞ አልጠፋም። አንድ መጽሐፍ ብቻ ያለው ገዳም መጽሐፉ ሲቃጠል ምን እንደሚሆን፣ ቅጂው በሌላ ደብር ያለ ከሆነም ምን እንደሚተርፍ ለእናንተ መናገር አያሻኝም።

ከኢትዮጵያ ሊቃውንት ወገን ትልቁ ሥራ የተሠራው በእኛው ዕድሜ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት የሚዘረዝረው ታላቅ መጽሐፍ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተፈጸመ። በስምንት ቅጽ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ይዟል። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ በዚህ ሥራ ውስጥ ያላቸው ድርሻ የሚረሳ አይደለም። የጥራጥሬ ወገን የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው በሦስተኛው ቅጽ ሲሆን ያዘጋጀው ስዊድናዊው ማትስ ቱሊን ነው።

እንግዲህ መዝገቡን ስናነብ ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

አንደኛው፣ የናሙና ብዛት የተክል ብዛት አይደለም። ከላይ እንዳልሁት አንድ ሰው በአንድ ቀን ከአንድ ተረተር የሰበሰበው ተክል በአሥር ከተሞች ሊገኝ ይችላል። አሥሩን ወረቀት አሥር ቦታ አድርጎ የቆጠረ ሰው፣ በአንድ አጥቢያ የቀረውን ተክል በአገር ሙሉ እንደ ሞላ ይቈጥረዋል።

ሁለተኛው፣ የቦታ ስም ነው። የውጭ አገር ተጓዦች ስሙን በጆሯቸው እንደ ሰሙት ጻፉት። ለምሳሌ ከዐድዋ በላይ ያለውን የሶሎዳን ተራራ ሺምፐር በወረቀቶቹ ላይ «ሾሎዳ» ብሎ ጽፎታል። ሶሎዳ ታላቅ ተራራ ስለሆነ አይጠፋም። ትንሿ ቀበሌ፣ ስሟ የተለወጠው ወንዝ፣ በታቦቱ ስም ብቻ የምትጠራው መንደር ግን በካርታ ላይ አትገኝም። የቀድሞውን ስም የሚያውቁ አረጋውያን ካህናት ናቸው። አንድ መነኵሴ «ይህ የቀድሞው እገሌ ሜዳ ነው» ብለው የሚናገሩት ቃል ለተመራማሪው የብዙ ወር ድካም ያቃልልለታል።

ሦስተኛው፣ የዘመን አቆጣጠር ነው። የእኛና የአውሮፓውያን አቆጣጠር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለው፣ ዓመቱ ብቻ ተጽፎ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተገለጸ ምስክርነቱ ይዛባል።

አራተኛውና ዋነኛው፣ ዝምታ መካድ አይደለም። ተጓዦች የሄዱት በቅሎ በሚያስኬድ መንገድ፣ በኋላም መኪና በሚያስገባ መንገድ ነው። መዝገቡ ስለ አንድ ወረዳ ዝም ካለ ተክሉ በዚያ የለም ማለት ሳይሆን፣ ያየ ሰው አልደረሰም ማለት ሊሆን ይችላል። እንዲሁም በመዝገቡ መገኘቱ ዛሬም አለ ማለት አይደለም። ወረቀቱ የሚመሰክረው ተክሉ በዚያች ቀን በዚያ ስፍራ እንደ ነበረ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ «የማይበላ ተክል ቢኖር ባይኖር ምን ይጠቅመናል?» የሚል ሊኖር ይችላል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የምንዘራው ሽምብራ የተገኘው በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ከሚበቅል ከሌላ የዱር ዘመዱ ነው። ገበሬ በየዘመኑ የወደደውን ብቻ እየመረጠ ስለዘራ የሰብሉ ዘር እየጠበበ መጣ፤ ጠባብ ዘር ደግሞ አዲስ በሽታ ወይም አዲስ ድርቅ ሲመጣ መመለሻ መንገዱ ጥቂት ነው። አጠውላጊ በሽታና ቆባውን የሚበሳው ትል ምን እንደሚያደርጉ አርሶ አደሩ ምእመን ያውቀዋል። የዱር ዘመዶች ሰው ሳይንከባከባቸው በድንጋይ መካከል የኖሩ ስለሆኑ በውስጣቸው የያዙት ይፈለጋል።

ስለ እኛው የዱር ሽምብራ ግን ከእውነቱ በላይ አልናገርም። ከእርሻው ሽምብራ ጋር በቀላሉ አይዳቀልም፤ በዝምድናም ሩቅ ነው። ነገ ዘሩን ወስዶ ምርት የሚጨምር ካለ ተስፋ ሊሰጣችሁ አይገባም። የሚጠበቅበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ዛሬ የማናውቀውን ጥቅም ዛሬ ማጥፋት ስለማይገባን ነው። አንድ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ታላቅ ረኀብ ያመጣው በሽታ በዚያ ዘመን ሰዎች ከሰበሰቧቸው የደረቁ የድንች ቅጠሎች ተገኝቶ፣ በ2013 ሊቃውንት የዘር ምልክቱን አንብበው የትኛው ዓይነት እንደ ነበረ ለይተዋል። ቅጠሉን ያደረቀው ሰው ይህ ይሆናል ብሎ አላሰበም፤ ያደረገው ጽሑፉን አሳምሮ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የማሳ ወሰን እየታረሰ ነው። በስንዴና በጤፍ ማሳ ላይ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የተባለ ፀረ አረም ሣር ነክ የሆነውን ሰብል ትቶ ሰፊ ቅጠል ያለውን ሁሉ ያደርቃል፤ የዱር ጥራጥሬም ከሚደርቁት ወገን ነው። አርሶ አደሩን በዚህ አንወቅሰውም፤ ልጆቹን ማብላት አለበት። ነገር ግን ማረሻም መድኃኒትም የማይደርስበት መሬት በየአጥቢያው አንድ አለ፤ እርሱም የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ሲያቀርብ 168 የዛፍና የቊጥቋጦ ዝርያዎችን ቈጥሯል። ዙሪያው በተራቆተበት አገር ይህ ትልቅ ምስክርነት ነው። ነገር ግን ቊጥሩ ግንድ ያላቸውን ብቻ የሚመለከት ነው። በዛፉ ሥር፣ በካቡ ስንጥቅ፣ በመቃብሩ ዳር የምትጠመጠመውን ትንሽ ሐረግ የሚቈጥር ጥቂት ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን ስለ ታላቁ ዛፍ ብቻ ሳይሆን ከግንብ ስለምትወጣው ትንሽ ቅጠልም እንደ ተናገረ መጽሐፍ ይነግረናል።

ስለዚህ በየአጥቢያችሁ ልታደርጓቸው የምትችሉትን፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ተግባራት ላቅርብ።

በመጀመሪያ፣ ተክሉን መለየት እንማር። የዱር ሽምብራ ቅጠሉ እንደ እርሻው ሽምብራ ጠርዙ በመጋዝ ጥርስ መልክ የተቆራረጠ ነው፤ ገላውም ጠጕር አለው። የእርሻው ሽምብራ ቅጠል ግን በትንሽ ቅጠል ሲጨርስ፣ የዱሩ በቀጭን መጠምጠሚያ ክር ይጨርሳል፤ በዚያም ክር በአጠገቡ ባለው ተክል ላይ ይወጣል። ጓያ መሰል የዱር ሐረጎችም መጠምጠሚያ አላቸው፤ ነገር ግን የቅጠላቸው ጠርዝ ጥርስ የለውም። ጥርስና መጠምጠሚያ በአንድነት ከታዩ ልብ በሉ። ይህ በተለይ ለሰሜኑ አህጉረ ስብከት ይሠራል፤ በሌላው አገር ያላችሁ ደግሞ የየአካባቢያችሁን የዱር ጥራጥሬ በዚሁ መንገድ መመዝገብ ትችላላችሁ።

ሁለተኛ፣ መዝግቡ። ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሁለቱን ሦስቱን መርጣችሁ፣ አበባም ፍሬም ያለበትን አንድ ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል አድርገው፣ በሁለት ጣውላ መካከል በድንጋይ ተጭነው፣ ወረቀቱን በየቀኑ እየለወጡ ያድርቁት። ተክሉ ጥቂት ከሆነ አይንቀሉት፤ ፎቶግራፉ ይበቃል። በወረቀቱ ላይ የአጥቢያውን ስም፣ ወረዳውን፣ የቀድሞውን የቦታ ስም፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የአፈሩን ዓይነት፣ ሕዝቡ የሚጠራበትን ስምና የሰብሳቢውን ስም ይጻፉ። ሁለት አድርጉት፤ አንዱ በብሔራዊው ሄርባሪየም፣ አንዱ በደብሩ ዕቃ ቤት ይቀመጥ። የበርሊንን እሳት አስቡ።

ሦስተኛ፣ ዘርና ናሙና የተለያዩ መሆናቸውን እንወቅ። የደረቀው ናሙና ምስክር ነው እንጂ አይበቅልም። በሕይወት የሚጠበቅ ዘር የሚቀመጠው በኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የአገሪቱን ዘረ መል ለመውሰድ የኢንስቲትዩቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የአካባቢው ማኅበረሰብም አስቀድሞ ዐውቆ የመስማማት መብት አለው። ስለሆነም ማንም እንግዳ መጥቶ ዘር ስጡኝ ቢላችሁ በትሕትና ፈቃዱን ጠይቁት። እንግዳ መቀበል ቅን ነገር ነው፤ አደራ መጠበቅም እንዲሁ።

አራተኛ፣ ከግንባታ በፊት እንይ። አዲስ አዳራሽ፣ አዲስ የመኪና ማቆሚያ ወይም የባሕር ዛፍ ተከላ በቅጽሩ ውስጥ ሲታሰብ፣ የሰበካ ጉባኤው ከመወሰኑ በፊት ቢያንስ አንድ የዝናብ ወቅት ቦታው ላይ ምን እንደሚበቅል ይታይ፤ በቃለ ጉባኤውም ይስፈር። ከቅጽሩ ጥግ ጥቂት እርምጃ ስፋት ያለው መሬት ሳይታረም፣ ሳይረጭ፣ ከብት ሳይገባበት ቢተው ቤተ ክርስቲያኒቱን የሚያጎድልባት ነገር የለም።

የተከበራችሁ አባቶችና ወንድሞች፣ እኅቶችም፤ ሺምፐር ከጻፋቸው ወረቀቶች ብዙዎቹ ዛሬ የሚነበቡት በባሕር ማዶ ነው። ወረቀቱ እዚያ ቢሆንም ቦታው እዚህ ነው፤ ቦታውን የሚያውቁትም፣ በየዕለቱ የሚረግጡትም እናንተ ናችሁ። በሰሜን ደጋዎቻችን ያለው የዱር ሽምብራ ዛሬ በየትኛው ተረተር ላይ እንደ ቆመ የሚነግረን አዲስ ወረቀት የሚያስፈልገን ስለሆነ፣ በመጪው መስከረምና ጥቅምት፣ ዕፅዋት በሚያብቡበት ጊዜ፣ እያንዳንዱ አጥቢያ ቅጽሩን አንድ ጊዜ ዞሮ ያየውን ቢጽፍልን፣ የሚቀጥለው የምክክር ጉባኤያችን የሚመረምረው ነገር በእጁ ይኖረዋል።

 ወስብሐት ለእግዚአብሔር።